ትንፋሽ የገባበት ጠርሙስ

ጠርሙሶቹ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚመጡት። ከተራራው ጫፍ፣ ከአየር መለኪያ ጣቢያው፣ በእንጨት ሳጥን ውስጥ በስፖንጅ ተጠቅልለው፣ ጎን ለጎን እንደተኙ መንትዮች። ሳጥኑን የምትከፍተው ኬሚስቷ ራሷ ናት፤ ሌላ ሰው እንዲነካባት አትወድም። ባልደረቦቿ ይህን ጥንቃቄ ይሉታል። እሷም እንደዚያ ቢሉት ይሻላታል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። እነዚያን ጠርሙሶች ወደ ነፋሱ አንሥቶ የሚሞላቸው፣ መዝጊያቸውን የሚያጠብቀው፣ ስፖንጁን አጥፎ የሚጠቀልለው አንድ እጅ ነው፤ ያን እጅ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች። ያደጉት በአንድ ግቢ ነው። እሷ በትልቁ ቤት፣ እሱ ከጓሮ ባለችው ክፍል። እናቱ የትልቁን ቤት ልብስ እያጠበች፣ እየተኮሰች ነው ያሳደገችው። ልጆቹ አብረው ትምህርት ቤት ሄዱ፣ አብረው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፣ አብረው ስለ አየር ማጥናት ጀመሩ። ሲመረቁ፣ በዓይን ሲባባሉ የከረሙትን ነገር በአፍ ለመናገር ትንሽ ነበር የቀራቸው። እሱ ግን አንድ ቀን ድንገት ተነሥቶ ተራራው ላይ ሥራ ያዘ። ለምን እንደሄደ ለእሷ አንድ ቃል እንኳ አልተነፈሰም። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ። ስልክ የለ፣ መልእክት የለ። በየሳምንቱ ከእሱ ዘንድ የሚደርሳት አየር ብቻ ነው።

ላብራቶሪው ውስጥ «ባሕታዊው» ይሉታል። ብቻውን ስለሚኖር ብቻ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ዝምታ ይፈልጋል። ከሰው አፍ የሚወጣው አየር፣ ተራራ ላይ ከሚነፍሰው አየር በካርቦን ዳይኦክሳይድ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ናሙና የሚወስድ ሰው ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞራል፤ በረጅሙ ስቦ ትንፋሹን ይይዛል፤ ጥቂት ወደፊት ይራመድና ባዶውን ጠርሙስ ከራሱ በላይ አንሥቶ ይከፍተዋል። አየሩ ሲጥ ብሎ ይገባል። ዘግቶ እስኪመለስ ድረስ አይተነፍስም፣ አይናገርምም። ባሕታዊው በዚህ አይታማም። እሱ የሞላው ጠርሙስ ተበላሸ ተብሎ ተሰምቶ አያውቅም።

ያን ሐሙስ ጠዋት ግን ጥንዶቹ አልተስማሙም።

መሣሪያው ዓይን የማያየው ብርሃን በአየሩ ውስጥ ያሳልፍና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከብርሃኑ ምን ያህሉን እንደዋጠ ይለካል። የመጀመሪያው ጠርሙስ ቁጥር የሚጠበቀው ነበር። የሁለተኛው ዘለለ። መሣሪያው ተሳስቶ እንደሆነ ብላ፣ መጠኑ የታወቀ አየር በያዘው የማነጻጸሪያ ሲሊንደር ፈተሸችው፤ መሣሪያው ደህና ነው። እንደገና ለካች። ያው ነው።

«ምነው፣ ፊትሽ ልክ አይደለም» አሏት ፕሮፌሰሩ፣ በበሩ አንገታቸውን ብቅ አድርገው። የላብራቶሪው ኃላፊ ናቸው፤ ቀልድ ካልጨመሩ ቡና እንኳ አይጠጡም።

«ጥንዶቹ አልተስማሙም።»

«ጥንዶች ሲጣሉ ሽማግሌ ይላካል እንጂ እንዲህ ፊት ይጠቆራል?» ገብተው መነጽራቸውን አደረጉና ቁጥሩን አዩ። «እ... ጭስ ይሆናላ። ታች ሜዳውን አቃጥለው ይሆናል።»

«ጭስ ቢሆን ካርቦን ሞኖክሳይዱም አብሮ ይጨምር ነበር። እሱ ንቅንቅ አላለም። ደግሞም ጭስ አንዱን መርጦ አይገባም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

መልሱን ታውቀዋለች። «ትንፋሽ ነው» አለች።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «የባሕታዊው?»

«እዚያ ሌላ ማን አለ?»

«እንግዲህ ሰው ነዋ። ሰው ይተነፍሳል። እኔን እስከዛሬ ሲገርመኝ የኖረው አለመተንፈሱ ነበር።» ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ግራፍ ተመለከቱ። መስመሩ ዕፅዋት ሲያቆጠቁጡ ዝቅ፣ ቅጠል ሲረግፍ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ግን በየዓመቱ ከአምናው ከፍ ይላል። «ተበላሽቷል ብለሽ ምልክት አድርጊበትና ነገ ሌላ ጥንድ እንዲወስድ እናዘው። የምድርን ትንፋሽ ነው የምንለካው፣ የእሱን አይደለም።»

«እኔ ልሂድ» አለች። «ሲወስድ ማየት አለብኝ። የአወሳሰድ ስህተት ከሆነ...»

ፕሮፌሰሩ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። የሰውን ነገር እያወቁ እንዳላወቁ ማለፍ የሚችሉ፣ ልበ ሰፊ ሰው ናቸው። «የምትሄጂው መሣሪያውን ልታዪ ነው ወይስ ሰውየውን?»

«መሣሪያውን።»

«እንግዲያው መሣሪያውን ሰላም በይልኝ።»

ብቻዋን ስትቀር የተበላሸውን ጠርሙስ አነሣችው። የቀረው አየር ታጥቦ ለሚቀጥለው ሳምንት መዘጋጀት ነበረበት። አልሆነላትም። ስንት ንጹሕ ጠርሙስ በእጇ ሲያልፍ እንዲህ ሆና አታውቅም ነበር። ይህን የተበላሸውን ግን መልሳ በስፖንጁ ጠቀለለችው።

* * *

ማታ ቤት ስትደርስ እናቷ ሳሎን ተቀምጣ በስልክ ስለ እሁድ ታወራለች። እሁድ የኢንጂነሩ ቤተሰቦች እሷን ለመጠየቅ ለሽምግልና ይመጣሉ። ልጁ መልካም ነው፤ ጨዋ ነው፣ ሲስቅ እንኳ ሰው እንዳይረብሽ ተጠንቅቆ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን በአንድ እጇ ይዛ የቆየችው እናት፣ የዚህን ልጅ ስም ስታነሣ ድምጿ ይለሰልሳል። ልጅቷ የቀራት እሁድ ቀን «እሺ» ማለት ብቻ ነው። እምቢ የምትልበት ምክንያት ደግሞ ለሰው የሚነገር አይደለም። ያልተናገረን ሰው እየጠበቅኩ ነው ተብሎ ምን ይባላል?

ወደ ጓሮ ዞረች። የልብስ መተኮሻዋ ክፍል መብራት በርቷል። እታለም የእሁዱን ቀሚስ ትተኩሳለች። እታለም የእሱ እናት ናት፤ ቤቱ በሙሉ የሚጠራት እንደዚያ ነው፤ ልጅቷም አፏን ስትፈታ ከተናገረቻቸው ቃላት አንዱ ይኸው ስም ነው።

«እታለም።»

«ወዬ የኔ ዓለም። ራት አልበላሽም አይደል? ፊትሽ ይናገራል።»

«ነገ ወደ ላይ ልሄድ ነው። ወደ ጣቢያው።»

ካውያው ቀሚሱ ላይ ቆመ። እታለም እንዳያቃጥለው ብድግ አደረገችውና ወደ ጎን አስቀመጠችው። «ለምን?»

«ለሥራ።»

«ለሥራ ከሆነ ደግ። ሥራሽን ሠርተሽ ተመለሽ። ከእሁድ በፊት መልክሽ እንዳይጠቁር፣ እዚያ ላይ ፀሐዩ ክፉ ነው አሉ።»

«እታለም፣ ስለ እሁድ ለእሱ ነግረሽዋል?»

አሮጊቷ ቀሚሱን ገልበጥ አደረገችው፤ የተተኮሰውን ወገን መልሳ ልትተኩስ ነው። «ከሌላ ሰው ከሚሰማ ብዬ ነገርኩት። ማክሰኞ ጠዋት ደወልኩ። ወደ ሥራ ልወጣ ነው ብሎ ነበር፤ ቶሎ ነገርኩት።»

ማክሰኞ ጠዋት። ጥንዶቹ የተሞሉበት ጠዋት።

«ምን አለ?»

«ምን ይላል? ደስ ብሎኛል አለ። እግዜር ይባርክላት አለ።» ካውያውን እንደገና አነሣች። «አንቺ ልጅ፣ እኔን ስለ እሱ አትጠይቂኝ። ሁለታችሁንም በአንድ ጀርባ አዝያለሁ። ስለ አንዳችሁ ለሌላው የምናገርበት አፍ የለኝም።»

ልጅቷ ወጣች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጓሮውን አየች። ደስ ብሎኛል ያለ ሰው ጠርሙሱ ላይ እንደዚያ አይተነፍስም። ይህን ያህል ዓመት ተስፋ ማድረግን እንደ ክፉ ልማድ ስትዋጋው ኖራ፣ በአንድ ቁጥር ምክንያት መልሶ ሲያሸንፋት ተሰማት። ደስታ አልነበረም። ከደስታ ይልቅ የሚያም ነገር ነው።

* * *

ሳጥኖቹን ከጣቢያው የሚያመላልሰው ሾፌር ጎህ ሲቀድ ነው ከቤት የወሰዳት። ናሙናው የሚወሰደው የሸለቆው ነፋስ ሳይነሣ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ከታች ያለው አየር ሽቅብ ስለሚወጣና የከተማውን ጭስ ሁሉ ይዞ ስለሚመጣ።

«የዛሬዋ ሳጥን ትናገራለች» አለ ሾፌሩ በመንገድ። «ሌላ ጊዜ የምጭነው ሳጥን ዝም ይላል። ሲሰለቸኝ እዘፍንለታለሁ።»

«ዝፈን፣ አልከለክልህም።»

«ለሳጥን ነው እንጂ ለዶክተር አይዘፈንም።» ማርሽ ቀየረ። «ያ ሰውዬ ግን፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሳጥኑን ሲሰጠኝ መኪናው የመንገዱን እጥፍ እስኪያልፍ ቆሞ ያያል። እኔ ቆንጆ ነኝ ብዬ አላስብም። እንግዲህ ሳጥኗን ነው።»

ጣቢያው ከደመናው በላይ፣ ባዶ ዓለት ላይ የተተከለች ነጭ ቤት ናት። የነፋስ መለኪያው ይሽከረከራል። እሱ በሩ ላይ ቆሟል። ከስቷል፤ ጠጉሩ ከጆሮው በላይ ሸብቷል። ለሰላምታ ጎንበስ አለ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ዶክተር። መንገዱ እንዴት ነበር?»

እሷ ለዚህ ጊዜ ብዙ ነገር አስባ ነበር፤ ለ«መጡ» ግን አልተዘጋጀችም። «ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ያከበርከኝ? አብረን ጭቃ ስንጋግር አልነበረም እንዴ?»

«ጊዜው ሄዷል» አለ፣ ወደ መሬት እያየ። «ሻይ ላፍላ?»

«የማክሰኞውን ጠርሙስ ንገረኝ።»

ፊቱ እንደ ተያዘ ሰው ሆነ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለተኛውን ስከፍት ትንፋሼ አመለጠኝ። ያን ጊዜ ራሱ አውቄዋለሁ፤ ሌላ ልወስድ ስል የሸለቆው ነፋስ ተነሣ። ሳጥኑ ላይ ምልክት ማድረግ ነበረብኝ። ሁለተኛ አይደገምም።»

«ለምን አመለጠህ?»

«ድካም ይሆናል።»

«ደስ ያለው ሰው ይደክማል እንዴ? ለእናትህ ደስ ብሎኛል ብለሃታል።»

የነፋስ መለኪያውን ቀና ብሎ አየ። «ነፋሱ አሁን ጥሩ ነው» አለ። «ሳይዞር ልውሰድ። እባክዎ ከኋላዬ ይቁሙ።» ሁለቱን ባዶ ጠርሙሶች ያዘና ወደ ዓለቱ ጫፍ ሄደ።

ተከትላው ሄደች። ደንቡን ከሱ እኩል ታውቀዋለች፦ አጃቢ ከኋላ ነው የሚቆመው፣ ነፋሱ ትንፋሹን ወደ ኋላ እንዲወስድለት። ጀርባውን አየች። ሹራቡ ክርኑ ላይ በራሱ እጅ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ጥሩ አይደለም። ትከሻው ከፍ አለና ቆመ፤ ትንፋሹን ይዟል። ተራመደ። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከራሱ በላይ አነሣው።

እሷም የዚያን ጊዜ ተናገረች። አቅዳው አልነበረም። ግን አሁን ይቅርታ ሊላት አይችልም፣ ሻይ ላፍላ ሊላት አይችልም፣ ዶክተር ሊላት አይችልም። እሷ ብትናገር ነፋሱ ወደ ኋላዋ ይወስደዋል፤ እሱ ቢመልስ ግን አየሩ ይበላሻል። መስማት ብቻ ነው የሚችለው።

«ዝም ብለህ ስማኝ። ዝም ማለት አይቸግርህም። እሁድ ሰዎች ይመጣሉ። ልጁ መልካም ነው። አንድ ክፋት ባገኝበት እንዴት ደስ ባለኝ፤ አላገኘሁበትም። እሺ ብለው እንደ ንግሥት ያኖረኛል። እኔ ግን በየሳምንቱ አንተ የሞላኸውን ጠርሙስ እየከፈትኩ የሰው ሚስት ልሆን አልችልም። ለእሱም ግፍ ነው፣ ለኔም ግፍ ነው። ስለዚህ አንድ ቃል ስጠኝ። ሂጂ ካልክ እሄዳለሁ፤ ሥራውንም ለሌላ ሰው እለቃለሁ፣ ሳጥንህን አልከፍትም። አትሂጂ ካልክ ደግሞ የመጣው ይምጣ። ለምን ትተኸኝ እንደሄድክ አልጠይቅህም። አንዱን ብቻ ንገረኝ።»

ጠርሙሱ ሲጥ ይል ነበር፤ ድምፁ ቀጠነ፣ ጠፋ። እሱ መዝጊያውን ቀስ ብሎ አጠበቀው። ክንዱን አወረደ። ከዚያ እንደ ሐውልት ቆመ። አልዞረም።

ጠበቀች። ነፋሱ ጠጉሯን ከፊቷ ላይ ገፍቶ ወደ ኋላ በተነው። ጀርባው እንደሆነ ጀርባ ነው። ይህም መልስ ነው ብላ አሰበች፤ ቀስ ብላ፣ ልክ የመሣሪያውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አይታ እንደምትቀበለው ተቀበለችው። ዞራ ወደ መኪናው መንገድ ጀመረች። ዓይኗ መንገዱን አያይላትም ነበር። ለምን መጣሁ አላለችም። ባልመጣ ኖሮ ዕድሜዬን በሙሉ እንደጠበቅኩ እቀር ነበር ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች፤ መጠበቁ ራሱ ምን ያህል ጣፋጭ እንደነበረ የገባት ግን አሁን፣ ሲያበቃ ነው።

ኮቴ ሰማች። ሩጫ። አንድ ነገር ዓለት ላይ ወድቆ ሲሰበርም ሰማች።

ደረሰባት። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰ፤ አፉን ይከፍታል፣ ቃል አይወጣም። ትንፋሹን እንደያዘ ነው የሮጠው። ያን ሁሉ ዓመት በዝምታው የተመሰገነ ሰው፣ አሁን ሊናገር ፈልጎ አቃተው። እንባዋ ገና ሳይደርቅ ሳቋ መጣ።

«መጀመሪያ ተንፍስ» አለችው። «ተንፍስ፣ አልሄድም።»

«አትበይ...» አለ።

«ምን?»

«እሁድ። እሺ አትበይ። ፌንጣ፣ እባክሽ እሺ አትበይ።»

ፌንጣ የልጅነት ስሟ ነው፤ አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ እሱ ያወጣላት። መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ፤ አልተነካኩም።

«ልዞር አልቻልኩም» አለ። «ከዞርኩ እንደምናገር አውቅ ነበር። ከተናገርኩ ደግሞ መሐላዬን አፈርሳለሁ።»

«የምን መሐላ?»

«ስንመረቅ ማታ እናቴ ጠርታኝ አለቀሰች። እነዚህ ሰዎች አስተምረውሃል፣ ልጃቸውን ቀና ብለህ ብታይ እኔ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ አለች። በአባትህ አፅም ማልልኝ፣ ልጅቷን ለጋብቻ አልጠይቅም በል አለችኝ። ማልኩላት። አንቺን እያየሁ ልጠብቀው እንደማልችል ስለማውቅ እዚህ መጣሁ። በጸሎቴ ሁሉ እንድትረሺኝ ነበር የምለምነው። ጸሎቴ ሳይሰማ ሲቀር ደግሞ በድብቅ ደስ ይለኝ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

እሷ ከእግሯ ሥር ጠጠር አንሥታ በመዳፏ አንከባለለች። ከዚያ «አንተ ላትጠይቅ ነው የማልከው» አለች። «እኔ ልጠይቅሃ።»

ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን አላሳረፋትም። «መሐላ እኮ ነው። በጓሮ በር አይወጣበትም። እናቴን በቃል ጨዋታ ባታልላት አንቺም አትወጂኝም።»

እውነቱን ነው። የምትወደው ለዚሁ ነው፤ የሚያናድዳትም ይኸው ነው።

«ውረድና ንገራታ።»

«ተተኪው ሳይመጣ ጣቢያውን ጥዬ አልወርድም። ይህ ደግሞ በስልክ የሚባል ነገር አይደለም። አንቺ ሂጂ። ያልኩሽን ንገሪያት፤ አንድም አትጨምሪ፣ አትለምኛት። ከልቧ ካልፈታችኝ አልፈታም።»

«ባትፈታህስ?»

ወደ ደመናው አየ። «ያን ጊዜም ስለተናገርኩ አልጸጸትም» አለ።

ሾፌሩ ሳጥኑን ሲጭን አንድ ጠርሙስ ብቻ እንዳለበት አየ። ወደ ሁለቱ ተመለከተ፣ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። መንገዱን በሙሉ ያለ ዘፈን ነዳ። ልጅቷ ከኋላ ተቀምጣ መዳፏን ደጋግማ ታይ ነበር። ሲሰነባበቱ ለአፍታ ያህል ነው የያዘው፤ እጅ ይህን ያህል ሊናፍቅ እንደሚችል አታውቅም ነበር።

* * *

እታለም ቆማ ሰማቻት። ልጅቷ እንደተባለችው ምንም አልጨመረችም፣ አልለመነችም። ስትጨርስ አሮጊቷ የተተኮሰውን ቀሚስ መስቀያው ላይ ሰቀለችው፤ ትከሻውን አስተካከለች፤ መልሳ አስተካከለች።

«ማክሰኞ በስልክ ደስ ብሎኛል ሲለኝ አውቄዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «እናት አይደለሁ? ድምፁ የአባቱ መርዶ የመጣ ዕለት የነበረው ድምፅ ነው። አውቄ ዝም አልኩ። ከዚህ ቤት ብወጣ የት እገባለሁ ብዬ ፈራሁ። ልጄን ለመጠለያዬ ሸጥኩት።»

«እንደዚያ አትበይ፣ እታለም።»

«ልበለው። አንድ ቀን መባል አለበት።» ሽርጧን ፈታች፤ አጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችው። ጠጉሯን በመዳፏ ዳበስ አደረገችና፣ በጓሮ በር ሳይሆን ዞራ በፊት ለፊት በኩል ወደ ሳሎኑ ሄደች። ልጅቷ ተከተለቻት፤ መግባት ግን አልደፈረችም። በሩ ላይ ቆመች።

የልጅቷ እናት ሻይ እየጠጣች ነበር። «ምነው እታለም፣ ቀሚሱ ተበላሸ?»

እታለም ወደ ሶፋው ሄዳ ተቀመጠች። ያን ሶፋ ዕድሜዋን ሙሉ ጠርጋዋለች፣ ጨርቁን አጥባዋለች፤ ተቀምጣበት ግን አታውቅም። ጫፉ ላይ፣ ቀጥ ብላ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እናት ስኒዋን ዝቅ አደረገች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመቤቴ። ዛሬ ሠራተኛ ሆኜ አልመጣሁም። የልጅ እናት ሆኜ ነው የመጣሁት።»

«እኔም የልጅ እናት ነኝ» አለች እናት፣ ነገሩ በግማሽ ገብቷት፣ ድምጿ ቀዝቅዞ።

«ስለሆኑ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት። ልጄ ልጅዎን ይወዳል። ከልጅነቱ ጀምሮ ይወዳታል። እንዳይጠይቃት እኔ አስምዬ ወደ ተራራ ሰደድኩት። እሱ ቃሉን ጠብቋል፤ ዛሬም አይጠይቅም። ለልጅ የሚጠይቀው ደግሞ ወላጅ ነው። አባቱ የለም። እኔ አለሁ። ልጅዎን ለልጄ ልጠይቅ ነው የተቀመጥኩት።»

ልጅቷ የበሩን መቃን ያዘች።

«ያንን ልጅ እኔ አይደለሁም ያስተማርኩት?» አለች እናት።

«እርስዎ ነዎት። እንግዲህ ምን ዓይነት ሰው እንደወጣው ከእርስዎ በላይ ማን ይመሰክራል?»

እናት ዓይኗ ወደ በሩ ሲዞር ልጇን አገኘቻት። እናት ከዚያ ፊት ላይ ምን እንዳነበበች እሷ ብቻ ታውቃለች፤ ግን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ በገዛ ቤቷ ውስጥ አዲስ ክፍል ያገኘች ይመስል። ቁጣዋ መጥቶ ነበር፤ አልቆመም። ስኒዋን ያዘች፣ ሳትጠጣ መልሳ አስቀመጠችው።

«እሁድ ለሚመጡት ሰዎች ምን ብዬ ነው የምመልሳቸው?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ፣ እመቤቴ።»

እናት በቀስታ፣ እንደ ተበሳጨ ሰው፣ እጇን ወደ ሶፋው ዘረጋች።

«እንደዚያ ጫፉ ላይ አትንጠልጠይ፣ ወገብሽን ያምሻል። ደገፍ በይ።»

እታለም ደገፍ አለች። ደገፍ ስትል ነው ያለቀሰችው።

ልጅቷ ስልኳን ይዛ ወደ ግቢው ሮጠች። ደወለች። አይነሣም፤ ደመና ተራራውን ሲሸፍነው መስመሩ ይጠፋል። ደግማ ደወለች። በዚያ በኩል ያለው ሰው ይሄኔ በሩ ላይ ቆሞ፣ ተፈታሁ ወይስ አልተፈታሁም እያለ ነው፤ ምንም አያውቅም። ዓመታትን ታግሣለች፤ ይህችን አንዲት ሰዓት ግን የምትችልበት አቅም አጣች። አንገቷን ቀና አድርጋ ተራራው ወዳለበት አቅጣጫ አየች። ከደመናው በቀር የሚታይ አልነበረም፤ እሷ ግን የምታየውን እንደምታውቅ ሰው፣ ደመናው እስኪገልጥ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።